ጋኑን ማን ነካው? የአዘና ጠላ ቤትና ያልተጻፈው ልብ ወለድ

የኛ አገር የወንጀል ልብ ወለድ ገና ከአጀማመሩ ያስታውቃል። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ይዘንባል፣ አንድ ጥቁር መርሴዲስ መብራቱን አጥፍቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ሽጉጥ አለ። ቆንጆ ሴት አለች። ዶላር የታጨቀበት ሻንጣም አይጠፋም። ማጣጣሌ እንዳይመስላችሁ! የማሞ ውድነህን ሰላዮችና የይልማ ሀብተየስን መርማሪዎች ተራ ይዘን እየተዋዋስን፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ የመጨረሻዋ ገጽ የጠፋች መጽሐፍ እያነበብን ያደግን ሰዎች ነን። (የመጨረሻዋን ገጽ የሚገነጥል ሰው እጁ ይሰበር!)

ፈረንጆቹ ግን ሌላ ዓይነትም አላቸው። ለስለስ ያለ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ሻይ እየጠጡ የሚነበብ። ደም አይታይም። ሟቹም ብዙ የሚለቀስለት ሰው አይደለም። መርማሪዋ ደግሞ ፖሊስ ሳትሆን ሹራብ የምትሠራ አሮጊት ወይም ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ጎረቤቶቿን ሁሉ ታውቃለች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ታውቃለች፣ በዚያው ዕውቀት ገዳዩን ታወጣዋለች። አጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል የምትባለውን አሮጊት እ.ኤ.አ. በ1930 በልብ ወለድ መጽሐፍ ይዛት ከመጣች ወዲህ ዘሩ ተባዝቶ፣ ዛሬ የትንሽ ቢራ መጥመቂያ ባለቤት የሆነች ሴት ነፍሰ ገዳዩን አነፍንፋ የምታወጣበት መጽሐፍ ሁሉ አለ።

ትንሽ የቢራ መጥመቂያ! ይሄ ለኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመቋቋሙ በፊት እኮ ስንት ሺህ ጋን በስንት ሺህ ጓዳ ሲፈላ ኖሯል። ጠማቂዋም ሴት፣ ባለቤቷም ሴት፣ አስተናጋጇም ሴት፣ የሰፈሩን ወሬ የምትሰማውም ያቺው ሴት። መርማሪ ፍለጋ ለንደን ድረስ ምን አስኬደን? እኔን ብትጠይቁኝ ቦታውን መርጫለሁ። አዘና።

የት ነው አዘና? እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የአዲስ አበባ ልጅ አያውቃትም። አዊ ዞን፣ አየሁ ጓጉሳ ወረዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ግን ትንሽ አይደለም። አገዎች «ሰባት ቤት» ነን ይላሉ። ሰባት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ዚገም፣ ኳኩራና መተከል፤ አገሩንም ተከፋፍለው ስማቸውን አወረሱት ነው አፈ ታሪኩ። ስለዚህ አዘና ስትገቡ የገባችሁት ከሰባቱ ወንድሞች ያንዱ ግቢ ነው። ለደራሲ ይሄ ብቻውን ግማሽ መጽሐፍ ነው፤ ሰባት ወንድም ባለበት ቤት የርስት ጠብ፣ የድሮ ቂም፣ የተደበቀ ጋብቻ አይጠፋማ!

መንገዱ ረጅም ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ቲሊሊ። ከዚያ ብርዱ ይጀምራል። ከመንገዱ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ክብ ብሎ ተኝቷል፤ ወርዳችሁ ፎቶ ተነሱ፣ አትቸኩሉ። ቀጥሎ እንጅባራ ናት፤ የድሮ ሰዎች አሁንም ኮሶበር ይሏታል። ከእንጅባራ በግምጃ ቤት በኩል የአንከሻን ምድር ይዞ ወደ አዘና ነው። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፦ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት አለ፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። አገሩ ላይ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለው ሰው ሳትጠይቁ እንዳትነሱ። «ምን ይመጣል» ብሎ ነገር የለም።

መንገዱ ዳር የምታዩት ነገር አጥር ነው። የአገው አጥር! አጥር እንደ ጥልፍ ይሠራል ብትባሉ አታምኑም፤ ቀርከሃው ተሰንጥቆ፣ ተሸምኖ፣ ተስተካክሎ ይቆማል። ይሄን የምነግራችሁ ለውበቱ ብቻ አይደለም። በዚህ አጥር ውስጥ የሚሾልክ ሌባ የለም። ገብቶ የወጣ ሰው በበር ገብቶ በበር የወጣ ነው፤ በበር የገባን ሰው ደግሞ ጎረቤት አይቶታል። ፈረንጅ ደራሲ «የተቆለፈ ክፍል» እያለ ስንት ገጽ የሚደክምበትን ነገር አዘና በቀርከሃ ጨርሳዋለች።

ሁለተኛው ነገር ፈረስ ነው። አዊ የፈረስ አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ፈረስ በአድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ እያስታወሰ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። የዚያን ቀን እንጅባራን ያየ ሰው ደግሞ አይረሳትም። እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጠላ ቤት በር ላይ የታሰረውን ፈረስ አይቶ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ የሚነግራችሁ ሕፃን አለ። ኮርቻውን ያውቀዋል፣ መረሻቱን ያውቀዋል። ሚስቱን «ገበያ ነበርኩ» ብሎ የሚዋሽ ባል በዚህ አገር አይቻልም! ፈረሱ ያጋልጠዋል።

ጠላ ቤቱን ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። ደጅ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ጣሳ ወይም ኩባያ ተደፍቶ ካያችሁ ገብታችሁ ተቀመጡ። ጨለም ያለ ነው፤ ዓይን እስኪለምድ ትንሽ ይወስዳል። መደብ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ጓዳው በመጋረጃ ተጋርዷል፤ እዚያ አይገባም። ሴትዮዋን በዕድሜ እንደምትመስላችሁ «እትዬ» ወይም «እማማ» በሉ እንጂ እንደ ከተማ ቡና ቤት እጅ አጨብጭባችሁ እንዳትጠሩ፤ ነውር ነው። እሷ «ልጄ፣ ግባ፣ አረፍ በል» ካለች ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ከመጠጣታችሁ በፊት ግን እጇን ተመልከቱ። የጥንቱን ወግ የምታውቅ ሴት መጀመሪያ ጠብ አድርጋ በመዳፏ ትቀምሳለች። ለምን? ጨዋነት ነው ትሏችኋለች። ነገሩ ግን ከነገሥታቱ ግብር ጀምሮ የመጣ ነው፤ አሳላፊው በመዳፉ ሳይቀምስ ጌታው አፍ አይደርስም ነበር፤ መርዝ የለበትም ለማለት። አያችሁ! የወንጀል ልብ ወለዱ እኮ ገና ስትቀመጡ ተጀምሯል።

አሁን ጓዳውን እንግለጠው፤ ወንጀሉ የሚፈታው እዚያ ነውና። ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ደርቆ ይፈጫል፤ ብቅል ሆነ። ጌሾው ደርቆ ይወቀጣል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈግፍጎ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ያ የምትወዱት የጭስ ጠረን የመጣው ከዚህ ነው። ጌሾና ትንሽ ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል። ከዚያ እህሉ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በስሎ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ ዳጉሳም በቆሎም ይገባበታል። ውሃ ይሞላና አፉ ይታተማል። ቶሎ የተከፈተው ጉሽ ነው፤ ከሕዝቡ ግማሹ የሚወደው እሱን ነው። ጠላው አልቆ በአተላው ላይ ውሃ ሲጨመር ቅራሪ ይሆናል። አተላው ለከብት። የሚጣል ነገር የለም። ጠላ ከመቶ 2 እስከ 6 እጅ ቢሆን ነው አልኮሉ፤ ከቢራ አይርቅም።

አረቄ ሌላ ዓለም ነው። ድፍድፉ በማሰሮ እሳት ላይ ይጣዳል፣ አፉ ይከደናል፣ ትንፋሽ እንዳይወጣ ዙሪያው ይመረጋል። ከላይ ቀርከሃ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ወደተነከረ ዕቃ ይወርዳል፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። ያንኑ መልሰው ሲያወጡት ዳግም ይባላል፤ ከመቶ ወደ 45 ይጠጋል። ቀን ሙሉ ጭስ ፊት መቀመጥ ነው። የሴቶቹ ዓይን ቀልቶ የምታዩት በዚህ ነው። አንዷ ባል የሞተባት፣ ሌላዋ የፈታች፤ ልጅ የምታስተምረው፣ የቤት ኪራይ የምትከፍለው በዚህች ጠብታ ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ይፈለጋል።

እንግዲህ ልብ ወለዱ እነሆ። ጥር 22 ነው፤ የፈረሰኞቹ በዓል ዋዜማ። አዘና በእንግዳ ተጨናንቃለች። አንድ የፈረስ ደላላ (ብዙ የማይወደድ ሰው፤ ለሁለት ገዢ አንድ ፈረስ የሸጠ ነው ይባላል) ከረፋዱ ጀምሮ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ተቀምጦ አረቄ ሲጠጣ ዋለ። በማግሥቱ ጠዋት እዚያው ተመልሶ ገባና «እትዬ፣ ምን ያለ ጉም ነው ዛሬ! አገሩ አይታይም እኮ» አለ። ራሱን አመመው፣ አስመለሰው፣ ትንፋሹ ፈጠነ። ማታውን ሞተ።

ከተማው ወዲያው ፈረደ። «መድኃኒት አድርጋበት ነው!» የመጨረሻዋን መለኪያ የቀዳችለት እሷ፣ የሞተው እሷ ቤት አጠገብ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በሦስተኛው ቀን ደጇ ላይ ጣሳው እንደተደፋ ነው፣ የሚገባ ግን የለም። ጋኑ ውስጥ የተጠመቀው ጠላ እየኮመጠጠ ነው። የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል።

ሴትዮዋ ግን አንድ ቃል ከነከናት። ጉም። አዊ ደጋ ነው፣ በክረምት ጉም ያለበት ጠዋት ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለውም። ግን እኮ ጥር ነው! የዚያን ዕለት ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር። ጉሙ የነበረው ሰውዬው ዓይን ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ወለዱን ገታ ላድርገውና ከአንባቢ ጋር በቁም ነገር ላውራ፤ ምክንያቱም ይሄ ክፍል ልብ ወለድ አይደለም። ሜታኖል የሚባል አልኮል አለ። ለቀለም ማቅጠኛ፣ ለፋብሪካ፣ ለነዳጅ የሚሆን ነው። ከምንጠጣው አልኮል በሽታም በጣዕምም አትለዩትም። ርካሽ ስለሆነ ስግብግብ ነጋዴ በውሃ በርዞ አረቄ ነው፣ ጂን ነው ብሎ ይሸጠዋል። አገራችን ውስጥም በዚህ ሰው ሞቷል፣ ዓይኑም ጠፍቷል። ጉበት ሲፈጨው ፎርሚክ አሲድ ወደሚባል ነገር ይለወጥና የዓይንን ነርቭ ያቃጥላል። 10 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ሜታኖል ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ተንኮሉ ደግሞ ጊዜው ላይ ነው። ወዲያው አይገድልም። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዝም ይላል፤ ሰውዬው ሰከረ፣ ተኛ፣ ተነሳ፣ ተራ የስካር ማግሥት ነው ብሎ ያስባል። ከዚያ ራስ ምታቱ፣ ማስመለሱ፣ የሆድ ሕመሙ፣ ያ ነጭ ጉም ይመጣል።

ስለዚህ ጓደኛችሁ ጠጥቶ ባደረበት ማግሥት «ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ» ካለ፣ ቡና አፍልታችሁ አታስተኙት። በርበሬ፣ ሎሚ፣ ወተት፣ ምናምን አትሞክሩ። ሆስፒታል ውሰዱት፤ የት፣ ምን፣ መቼ እንደጠጣ ንገሯቸው፤ ከጠጣው የተረፈ ካለም ይዛችሁ ሂዱ። በጊዜ ከደረሰ መድኃኒት አለው። አብረውት የጠጡትም ምንም ባይሰማቸው ይሂዱ።

ከእህል በወጉ የወጣ የቤት አረቄ በባሕርዩ ሜታኖሉ ትንሽ ነው፤ አደጋው የሚመጣው ሲቀላቀል ነው። ይህ ማለት ግን የቤት አረቄ ጠበል ነው ማለት አይደለም። ከመቶ 45 እኮ ነው ያልኳችሁ! ጉበት የማንንም ጓዳ አያከብርም።

ወደ አዘና እንመለስ። ሰዓቱን ቁጠሩ። ጉሙ የታየው ጥር 23 ጠዋት ነው። መርዙ የተጠጣው ቢያንስ ከዚያ በፊት ባለው ቀን፣ ምናልባትም ጥር 21 ማታ ነው፤ ሌላ ቤት! ጭራሽ የሚገርመው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ደህናው አልኮል ጉበት ውስጥ ከሜታኖሉ ጋር ይሻማል፣ ወደ መርዝነት እንዳይለወጥ ያዘገየዋል። ሐኪሞችም በልክና በክትትል ለዚሁ ሕክምና ሲጠቀሙበት ኖረዋል። (እቤታችሁ እንዳትሞክሩት! እሱ የሐኪም ሥራ ነው።) ስለዚህ ጥር 22 ቀን ሙሉ ሰውዬውን በሕይወት ያቆየው የዚያችው «ገደለችው» የተባለች ሴት አረቄ ነበር። ከተማው የፈረደው ባዘገየችለት ላይ ነው።

አጋታ ክሪስቲ ብትሆን በዚህ ትፈነጥዝ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ቀማሚ ጋር ሠርታ ነው መርዝ የተማረችው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷም የመርዝ ታሪክ ነው። የአዘናዋ ሴት ግን ኬሚስትሪ አልተማረችም። ታዲያ በምን ታወጣዋለች?

በአተላ።

አረቄ ያወጣ ሰው ጌሾ ገዝቷል፤ ገበያ ቀን ከማን እንደገዛ ባለጌሾዋ ታውቃለች። ብቅል አስፈጭቷል፤ ባለወፍጮው ያውቃል። ቀን ሙሉ ጭስ አጭሷል፤ ሰፈሩ አይቷል። ከሁሉ በላይ አተላ ተርፎታል፤ ለጎረቤት ላም ያልደረሰ አተላ ደግሞ የለም። በበዓሉ ሳምንት በጀሪካን ሙሉ አረቄ የሸጠ፣ ጌሾ ግን ያልገዛ፣ ጭሱ ያልታየ፣ የማንም ላም ከደጁ አተላ ያልቀመሰች ሰው ማነው? አንድ ባለሱቅ አለ። ወዳጅ ነው፣ እድርተኛ ነው፣ ለቅሶ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ይሄን የሚነግራችሁ መርማሪ ፖሊስ ቢሮ የተቀመጠ ሰው አይደለም፤ ላም ያላት ጎረቤት ናት።

የመጨረሻው ምዕራፍስ? ፈረንጅ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ ሳሎን ሰብስቦ «ገዳዩ ከመካከላችን ነው» ይላል። እኛ ይሄ ነገር ከጥንትም ነበረን፤ አውጫጭኝ! ወንጀል ሲሠራና ወንጀለኛው ሲጠፋ ያገሩ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጮኻል፣ ሰው ይራባል። በግልጽ ለመናገር የፈራ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በስውር ይናገራል፤ ያ ሰው «ወፍ» ነው የሚባለው። ማን ነገራችሁ ሲባሉ፣ ወፍ! በንጉሡ ዘመን የነበረ ሥርዓት ነው፤ ለፍርድ ጥሩ ነው አልላችሁም፣ ስንት ንጹሕ ሰው እንዳስቀጣ እግዜር ይወቀው። ለልብ ወለድ ግን ወርቅ ነው። የኛ ደራሲዎች ይሄን ትተው ለምን መርሴዲስ እንደሚያሳድዱ አይገባኝም። ዛሬ አዘና ላይ አውጫጭኝ መጥራት አያስፈልግም፤ የጥር 23ን አዳር የሚያወሩ አምስት ሴቶች አንድ ጓዳ ይብቃቸው።

ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 በዚሁ በአገው አገር በኩል መጥቶ ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ ደስ ብሎት ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጽዋ አነሳ ይባላል። በምን? በምንጩ ውሃ! ማርና ቅቤ፣ ጠላና ጠጅ ባለበት አገር በውሃ! የእንግዳ ነገር እንዲህ ነው።

እናንተ ስትሄዱ እንዲህ አታድርጉ። ግን ደግሞ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ዋጋው ከሰፈሩ ሁሉ የረከሰ አረቄ ወይም «ጂን» ሲቀርብላችሁ እምቢ በሉ፤ አያሳፍርም። የጭስ ሽታ መኖሩም ማረጋገጫ አይደለም፣ የተበረዘ ነገር ደህናውም ላይ ይጨመራልና። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ልጆች በተለይ ስሙኝ፤ በበዓል ሰሞን ርካሽ መጠጥ የሚመጣው ለናንተ ታስቦ ነው። ማን እንደጠመቀው የማታውቁትን ነገር ከመጠጣት ደጇ ጣሳ የተደፋባትን ሴት ቤት ገብታችሁ «እትዬ፣ ጉሽ አለ?» በሉ። ሂሳቡን ሳትከራከሩ ክፈሉ። ጠዋት ላይ ከሆነ ደግሞ ጉሹንም ተዉት፤ ቅራሪ ጠይቁ፣ ለመንገድ ቀላል ነው።